ስለ እግር ኳስ ቡድን አሰላለፍ
በኮምፒዩተር ለሚጫወቱ ልጆችና ለወላጆቻቸው የሚሆን ምክር

ሰው ጨዋታን የሚወደው ሥራን ስለሚጠላ ብቻ አይደለም፤ የሥራው ምሳሌ በጨዋታው ውስጥ ስለሚገኝ ጭምር ነው። አባቶቻችን በጉግስ ፈረሰኛነትን፥ በገና ጨዋታ ጉብዝናን፥ በገበጣ መቍጠርን፥ በሰንጠረዥ ደግሞ ሠራዊትን የማሰለፍ ጥበብን ይለማመዱ ነበር። ከእነዚህም መካከል ሰንጠረዥ በመኳንንት ቤት የተከበረ ነበር፤ ምክንያቱም ጉልበትን ሳይሆን ማስተዋልን የሚጠይቅ፥ ተጫዋቹም በቦታው ተቀምጦ እንደ አዛዥ እንዲያስብ የሚያስገድድ ስለ ሆነ ነው።

ዛሬ የልጆቻችን ሰንጠረዥ ሌላ ሆኗል። በሐረር፥ በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ በተሠራው ከተማ፥ ማታ ማታ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው የእግር ኳስ ቡድን የሚመሩ ወጣቶች አሉ። ጨዋታው ፉትቦል ማናጀር ይባላል። በዚህ ጨዋታ ወጣቱ ኳሱን አይመታም፤ የአሠልጣኝነትን ሥልጣን ይዞ ተጫዋች ይገዛል፥ ይሸጣል፥ ልምምድ ያዛል፥ አሰላለፍ ይወስናል፤ ከዚያም በኋላ ያዘዘው ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ይመለከታል። እያንዳንዱ ተጫዋች በፍጥነት፥ ኳስ በማቀበል፥ በድፍረት፥ በማስተዋልና በሌላም ችሎታ ከ1 እስከ 20 በሚደርስ ቍጥር ተመዝኖ ተጽፎለታል።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ትናንት የተወለደ አይደለም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1982 ኬቪን ቶምስ የሚባል እንግሊዛዊ በዚሁ ስም የሚጠራ ጨዋታ አወጣ። በ1992 ደግሞ ፖልና ኦሊቨር ኮልየር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር የሚባለውን አሳተሙ፤ የእነርሱም ሥራ ከ2004 ወዲህ ፉትቦል ማናጀር በሚለው ስም ይታወቃል። በ2008 ኤቨርተን የሚባለው የእንግሊዝ አገር ክለብ ተጫዋቾችን መርምሮ ለመምረጥ በዚሁ ጨዋታ መዝገብ ለመጠቀም ከአዘጋጆቹ ጋራ ተዋዋለ። ስለዚህ ነገሩን የሕፃናት ቧልት ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

ነገር ግን ወላጆች የሚያሰሙት አቤቱታ እውነት አለበት። ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል፤ ጧት ለትምህርት ሲቀሰቀስ ዐይኑ አይገለጥም፤ ቡድኑ የተሸነፈ ቀን እራት አይቀምስም፥ ታናሽ እኅቱንም ይቈጣል። አባት ተናድዶ መሣሪያውን ይቈልፍበታል፤ ልጁ ግን በጎረቤት ቤት ተሸሽጎ ይጫወታል እንጂ አይተውም። አንዱ ወላጅ እንዲህ ሲከለክል ሌላው ደግሞ ልጁ ከቤት ካልወጣ ይበቃኛል ብሎ እንደ ፈቀደ እንዲሆን ይለቀዋል። እኛ ግን ከኹለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለ እንላለን፤ ይኸውም ልጁ በሥርዓት እንዲጫወት ማስተማር ነው። በችኮላና በንዴት የሚጫወት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ምንም አይማርም፤ በሥርዓት የሚጫወት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰውን በየቦታው ማኖርን፥ መታገሥንና መዝገብ መያዝን ይለምዳል። ይህም ነገ ቤት ለሚመራ ወይም በመሥሪያ ቤት ለሚሾም ሰው ትልቅ ስንቅ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በምናውቀው በአንድ የሐረር ቤተ ሰብ የሆነው ነገር ነው። የ16 ዓመት ልጅ የሚመራው ቡድን በተከታታይ ስድስት ግጥሚያ ተሸነፈበት። ልጁ ጎል ማግባትን ብቻ ስለሚወድ ቡድኑን 4-3-3 አሰልፎ፥ ሁሉም ወደ ፊት እንዲሄዱ አዞ፥ ተከላካዮቹንም እስከ መሐል ሜዳ አስጠግቶ ነበር። በተሸነፈም ቍጥር አሰላለፉን ከሥሩ ይለውጣል፤ ዛሬ 4-4-2፥ ነገ 3-5-2፥ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ። አጎቱ በዕድሜ የገፉ ሰንጠረዥ ዐዋቂ ናቸው። አንድ ማታ ከአጠገቡ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲመለከቱ ቈዩና እንዲህ ሲሉ ጠየቁት።

«ለመሆኑ እነዚህ የኋላ ሰዎችህ ሯጮች ናቸው?»

«አይደሉም ጋሼ፤ ቀርፋፎች ናቸው። ፍጥነታቸው ከ20 8 ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ከደጃቸው ርቀው ምን ሊሠሩ ወጡ? ባላጋራህ ኳሱን ከጀርባቸው የጣለ እንደ ሆነ ማን ይደርስበታል?»

«ትልልቆቹ ክለቦች እንዲህ ነው የሚጫወቱት፤ ከእነርሱ አይቼ ነው።»

«የእነርሱን አሰላለፍ አየህ እንጂ የእነርሱ ሰዎች ለአንተ አልተሰጡህም። መዠመሪያ ያሉህን ሰዎች ዕወቅ፤ ኋላ ደግሞ የሚመጣብህን ዕወቅ።»

ከዚያም ስለ ሰንጠረዥ ነገሩት። በአገራችን ሰንጠረዥ፥ ከሌላው ዓለም ሥርዓት በተለየ፥ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ መዠመሪያ ሲማረክ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ በተራ ይሆናል። በወረራ ጊዜ የገዛ ሠራዊቱን ብቻ እያየ የሚሮጥ ሰው ይሸነፋል፤ ዐዋቂው ግን የሌላውን እጅ እየተመለከተ፥ ያ ፈረሱን ባስጠጋበት በኩል በሩን ይዘጋል፥ ያ ባሳሳበት በኩል ይከፍታል። ልጁ ይህን ሰምቶ ለመዠመሪያ ጊዜ ባላጋራው እንዴት እንደሚሰለፍ አስቀድሞ መመልከት ጀመረ።

ታናሽ እኅቱም አንድ ነገር ጨመረች። ቡድኑ የገባበትን ጎል ሁሉ በደብተር እየጻፈች በየት በኩልና በስንተኛው ደቂቃ እንደ ገባ አሰፈረች። ደብተሩ ሲታይ ከግማሽ የሚበልጠው በግራ ክንፍ በኩል፥ ብዙውም ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የገባ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም የግራ ተከላካዩ እንዲያጠቃ ታዝዞ ስለሚወጣ፥ በፊቱ የሚጫወተው የክንፍ ሰውም እንዲሁ እንዲያጠቃ ስለ ታዘዘ፥ ሁለቱ ሲሄዱ ያ ወገን ባዶ ይቀር ነበር። ደግሞም ተጫዋቾቹ ከመዠመሪያው ደቂቃ አንሥቶ ባላጋራቸውን በሩጫ ሲያስጨንቁ ስለሚውሉ በመጨረሻው ሰዓት ጉልበት ያልቅባቸው ነበር። ልጁ ተከላካዩን ወደ ኋላ መለሰው፤ የኋላውንም መስመር ዝቅ አደረገ። ቡድኑ በዚያ ዓመት አንደኛ አልወጣም፤ ነገር ግን ወደ ታችኛው ክፍል ከመውረድ ዳነ። በቤቱም ውስጥ ከጨዋታው በፊት እራት ይበላል የሚል ሕግ ወጣ።

ከዚህና ከሌላም ካየነው ተነሥተን ለልጆችም ለወላጆችም የሚጠቅመውን በአምስት ክፍል እንጽፋለን።

1ኛ፤ ሰውን ሁሉ በየመቀመጫው ማኖር። በጀጎል ውስጥ የሐረሪዎችን ጥንታዊ ቤት ገብቶ ያየ ሰው፥ በዋናው ክፍል ውስጥ በልዩ ልዩ ከፍታ የተሠሩ ነደባ የሚባሉ 5 መደቦች እንዳሉ ያውቃል። ከእነርሱም አንዱ አሚር ነደባ ይባላል፤ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው። ገቢው ሁሉ የየራሱን ስፍራ ስለሚያውቅ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ያለ ሁካታ ይቀመጣል። የቡድንም ነገር እንደዚሁ ነው። 4-4-2 ወይም 4-2-3-1 ማለት የመቀመጫዎች ቍጥር ነው እንጂ ሥራ አይደለም። ሥራው የሚታወቀው በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ ያለው ሰው እንዲከላከል፥ እንዲደግፍ ወይም እንዲያጠቃ ሲታዘዝ ነው። ልጆች የሚስቱት አዘውትሮ እዚህ ላይ ነው፤ ዝነኛ ተጫዋች ይገዙና ቦታው ያልሆነ ስፍራ ያቆሙታል፤ ከዚያ በኋላ ሰነፍ ነው ብለው ይሸጡታል። ሰነፍ የሆነው ግን ቦታውን ያላወቀለት አዛዥ ነው።

2ኛ፤ በሮችን መጠበቅ። የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ሲሠራ 5 በሮች ነበሩት፤ እነርሱም በአማርኛ ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። የግንቡ ጥቅም የድንጋዩ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ በየበሩ ጠባቂ መኖሩ ነው። በአንዱ በር ጩኸት በተሰማ ጊዜ የአምስቱ በር ዘበኛ ሁሉ ወደዚያ ቢሮጥ አራቱ በሮች ክፍት ሆነው በቀሩ ነበር። በኳስም አንዱ ተከላካይ ሲወጣ ሌላው ይቀራል፤ በቀኝ ሲኬድ ግራው ይጠበቃል፤ ኳስ በእጃችን ባለ ጊዜ እንሰፋለን፥ በጠፋብን ጊዜ እንሰበሰባለን። የኋላውን መስመር ወደ ፊት ማስጠጋት የባላጋራን አጥቂ ከጨዋታ ውጭ ለማድረግ ይረዳል፤ ነገር ግን ፈጣን ተከላካይና ከደጁ ወጥቶ ኳስ የሚያነሣ በረኛ የሌለው ቡድን ይህን ቢሞክር በገዛ እጁ በሩን እንደ ከፈተ ይቈጠራል።

3ኛ፤ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና መታገሥ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቾቹ አዲስ አሰላለፍን የሚለምዱት በልምምድ ቀስ በቀስ ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ትእዛዝ መልካም ቢሆን እንኳ ሳይለመድ ይሻራል። ደግሞም አምስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ቢያሸንፍ በምን እንዳሸነፈ፥ ቢሸነፍም በምን እንደ ተሸነፈ አያውቅም። አንድ ነገር ለውጦ ጥቂት ግጥሚያ መጠበቅ፥ ከዚያ ሌላውን መለወጥ ይገባል።

መታገሥ ምን እንደሚያመጣ የገዛ አገራችን ታሪክ ያስረዳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው የኢትዮጵያ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብፅ ጋራ ሲጫወት ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ እኩል ሆነ። ሁለተኛው ጎል በግብፅ በኩል ሲገባ 75ኛው ደቂቃ ነበር፤ የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ እኩል አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አግብተው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ዋንጫውንም ሉቻኖ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ልክ በ51ኛው ዓመት፥ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፥ በደቡብ አፍሪካ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋራ ስትጫወት በረኛው ገና በመዠመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከዚያም ጎል ተቈጠረባት። የቀሩት 10 ሰዎች ግን አልተበተኑም፤ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያዩ። የቡድን ሥርዓት የሚፈተነው በደስታ ሰዓት አይደለም።

4ኛ፤ ሁለት ባላ መትከል። አንዱ ቢሰበር በአንዱ መንጠልጠል እንዲቻል አባቶች ሁለት ባላ ትከል ይላሉ። ጨዋታው እስከ ሦስት የሚደርሱ የአጨዋወት ስልቶችን በአንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ማለማመድን ይፈቅዳል። አንዱ ለዘወትር፥ አንዱ ከብርቱ ቡድን ጋራ ለሚገጠምበት ቀን፥ አንዱ ደግሞ ተመርቶ ጥቂት ደቂቃ ለቀረበት ሰዓት ይሁን። ሦስቱም ግን ከአንድ ሥር የበቀሉ ቢሆኑ ይሻላል፤ ሰዎቹ ሳይለወጡ ሥራቸው ብቻ ቢለወጥ ግራ አይጋቡም።

5ኛ፤ መዝገብ መያዝ። ከአምስቱ ሁሉ ይህን አብልጠን እንናገራለን፤ በችሎት መዝገብ ሥራ የኖርን ሰዎች አንዲት መሥመር ስትጎድል ምን እንደሚሆን እናውቃለንና። ይህም በኳስ ሜዳ በአገራችን ላይ ደርሷል። ለ2014 የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ የኢትዮጵያ ቡድን ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በቦትስዋና አገር ተጫውቶ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ። በዚያን ቀን ምድቡን አንደኛ ሆነን ጨረስን ተብሎ በየከተማው ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ነገር ግን ከቦትስዋና ጋራ በተደረገው ግጥሚያ ከተሰለፉት አንዱ፥ ቀደም ባሉት ግጥሚያዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለ ነበረበት፥ በዚያ ቀን መጫወት የማይፈቀድለት ሰው ነበር። ይህን ማንም ሳያስብ ተሰልፎ ተገኘ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ነገሩን መርምሮ ያን ድል ሻረው፤ ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተቈጠረ፤ ከኢትዮጵያም ላይ 3 ነጥብ ተነሣ።

አንባቢ ይህን ነገር ያስተውል። በሜዳ ላይ የሮጡት ሰዎች አልሰነፉም፤ አሰላለፉም አልተበላሸም፤ ጎሎቹም በእውነት ገብተው ነበር። የጎደለው ሁለት ቢጫ ካርዶችን ጽፎ ከግጥሚያው በፊት የሚያነብ ዐይን ብቻ ነው። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን ደግሞ 2 ለ 1 አሸንፎ በ13 ነጥብ ምድቡን በመጨረሻ አንደኛ ሆነ፤ ያለዚያ ስሕተት ግን በሰኔ 9 ቀን ሥራው አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2006 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ከናይጄሪያ ጋራ በተደረጉት ሁለት ግጥሚያዎች 2 ለ 1ና 2 ለ 0 ተሸንፎ ወደ ዓለም ዋንጫ ሳይደርስ ቀረ።

ስለዚህ በኮምፒዩተር የሚጫወተው ልጅ ደብተር ይኑረው። በደብተሩም የግጥሚያውን ቀን፥ አሰላለፉን፥ የለወጠውን አንድ ነገርና ምክንያቱን፥ ጎል በየት በኩል እንደ ገባ፥ ማን እንደ ደከመና ማን ካርድ እንዳለበት ይጻፍ። ጨዋታው ራሱ ብዙውን ይመዘግባል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው የጻፈውን ሰው ያልፈዋል፥ በገዛ እጁ የጻፈውን ግን ያስበዋል። የቅኔ ተማሪ የሰማውን በቃሉ እየደጋገመ ካልቀጸለ በቀር የራሱ እንደማይሆንለት ሁሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የጨዋታውን ወሰን ደግሞ መናገር ይገባናል። ሰው በ20 ቍጥር ተመዝኖ አያልቅም። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ተጫዋች እናቱ አትታመምበትም፥ የቤት ኪራይ አያስጨንቀውም፥ በጓደኛውም አይቀናም፤ ወይም ቢቀና በቍጥር ልክ ነው። የሚመራው ሰው በፈለገ ጊዜ ይሸጠዋል፤ የተበላሸውንም ዓመት ደምስሶ እንደ ገና ይጀምራል። በቤትና በመሥሪያ ቤት ግን ወንድምንም ሎሌንም ሽጦ ሌላ መግዛት የለም፤ ያለፈውንም ዓመት መልሶ መጀመር አይቻልም። ልጅ ይህን ልዩነት ካልተነገረው ትእዛዝን ብቻ ለምዶ ሰውን መውደድ ሳይለምድ ያድጋል። የውጭ አገር ክለቦችን ተጫዋቾች ሁሉ በስም እየጠራ፥ ሐረር ቢራ የሚባለው ቡድን በኢትዮጵያ ፕሬሚየር ሊግ በተጫወተባቸው ዓመታት የሐረርን ስም ማን እንዳስጠራ የማያውቅ ልጅም ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ወላጆች የሚከተለውን ሥርዓት ቢያቆሙ እንወድዳለን። ጨዋታው ከጥናትና ከእራት በኋላ ይሁን፤ ሰዓቱም የታወቀ ይሁን፤ በሽንፈት ቀን ሌላ ግጥሚያ አይጀመር፤ ምክንያቱም በንዴት የተሰጠ ትእዛዝ ሁለተኛ ሽንፈት ይወልዳልና። በሳምንት አንድ ቀን አባት ወይም እናት ደብተሩን አስቀርበው «ምን ለወጥህ? ለምንስ ለወጥህ?» ብለው ይጠይቁ፤ የኳስን ነገር ባያውቁም ግድ የለም፤ ልጁ ሲያስረዳ ራሱ ይረዳዋልና። እኅቶች እንዲጫወቱና እንዲመዘግቡ ይፈቀድላቸው፤ የማስተዋል ስጦታ ለወንድ ብቻ አልተሰጠም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጁ መሣሪያውን ዘግቶ ወደ ሜዳ ይውጣ፤ በእግሩ ይሩጥ፥ ይውደቅ፥ ጓደኛው ኳስ ሲነፍገው ይታገሥ። በወንበር ተቀምጦ ያዘዘው ሩጫ ምን ያህል እንደሚያደክም በገዛ ሳንባው ያወቀ ልጅ፥ ነገ በሰው ላይ ሲሾም ትእዛዙን መጥኖ ይሰጣል።